ሲፈን ጀርባዬ ላይ ተኝታ የተፈተንኩበት ጠዋት

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አዳማ በግንቦት እንዴት እንደምትሞቅ የኖረባት ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል። ያችን አንድ ሰዓት የማትሞላ ጊዜ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ያልረሳኋትም ስለፈራሁ አይደለም። ያኔ ከፊቴ ሆኖ ያላየሁትን ነገር ከወራት በኋላ ስለሰማሁ ነው።

ሌንሴ እባላለሁ። ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የሰነድ ነበር። ኮንቴይነር ከጅቡቲ ሲመጣ አብረውት የሚመጡትን ወረቀቶች አንዱን ከአንዱ እያመሳከርኩ ለጉምሩክ አዘጋጃለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ እችለዋለሁም። ሰው እንዳይታዘበኝ ብዬ “እንደ አቅሜ እሞክራለሁ” ማለት አልወድም።

ልጄ ሲፈን ከተወለደች በኋላ የወሊድ ፈቃዴን ጨርሼ ወደ ሥራ ተመልሼ ነበር። ግን አልሆነም። ባለቤቴ ደረጀ የተሳቢ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። እናቴ ሁሩታ ናት፤ እርሻዋን ትታ አትመጣም። ልጅ የሚይዝልኝ ሰው ሳገኝ ስመለስ፣ ሳጣ ስቀር፣ ሁለት ወር ታገልኩና ሥራውን ተውኩት።

ቤት ዋልኩ እንጂ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። አሮጌ ላፕቶፕ ነበረችኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ መተየብ ጀመርኩ። የምሠራው ሲፈን ቀን ቀን ስትተኛ ነው። የምንኖረው ደግሞ በአንዲት ክፍል ቤት ስለሆነ አልጋውና ጠረጴዛው ሁለት እርምጃ አይራራቁም። ሲፈን እንቅልፏ ቀላል ነው፤ የጎረቤት በር ሲከፈት ትነቃለች። ስለዚህ ድምፅ ሳያሰሙ መጻፍን መማር ነበረብኝ።

መጀመሪያ ጥፍሬን ቆረጥኩ። ቀጥዬ የላፕቶፗን ድምፅ ዘጋሁ። ጠረጴዛው ራሱ እንደ ከበሮ ያስተጋባ ስለነበር ከሥሯ ፎጣ አነጠፍኩ። በመጀመሪያው ቀን ፎጣውን ሙሉውን ስላነጠፍኩት አየር አጥታ እንደ ካውያ ጋለች፤ ከዚያ በኋላ ቆራርጬ ከአራቱ እግሮቿ ሥር ብቻ ማድረግ ጀመርኩ። ቁልፎቹን መምታት ትቼ በጣቴ ሥጋ ቀስ አድርጎ መጫን ለመድኩ። ከሁሉም የምታስቸግረው ቃልን ከቃል የምትለየዋ ረጅሟ ቁልፍ ናት። መሀሏን ከነኳት ትንኳኳለች፤ ዳሯን ቀስ ብለው ሲጫኗት ግን ድምፅ የላትም። ይህንን ማንም አላስተማረኝም። በሦስት ወር ውስጥ ከድሮው የበለጠ ፈጣንና ዝምተኛ ጸሐፊ ሆኜ ነበር። ቬንትሌተሩ ሲዞር ደግሞ የቀረችዋን ትንሽ ድምፅ እሱ ይውጣታል።

አንድ ቀን የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደውላ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ቤታቸው ሆነው የጭነት ሰነድ የሚያመሳክሩ ሰዎች እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ለእኔ ብለው ያወጡት መሰለኝ። አመለከትኩ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ። የቀረው በቪዲዮ ከሦስት ሰዎች ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ነበር፤ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት። በላኩልኝ የጥሪ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ “በተባለው ሰዓት ያልቀረበ ተወዳዳሪ ዕድሉን እንደተወ ይቆጠራል” ይላል።

ለዚያ ሰዓት ልጄን የሚይዙልኝ አከራዬ አዴ ፋጤ ነበሩ። ግቢው ውስጥ ትልቁ ቤት የእሳቸው ነው። ሲፈን ከእኔ ቀጥሎ የምትወደው እሳቸውን ነው። ስለዚህ ምንም አላሳሰበኝም ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ሲፈንን አተኮሳት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ መድኃኒት ሰጧት። እሁድም ሰኞም አልተኛችም፤ እኔም አልተኛሁም። ማክሰኞ ሲነጋ ሰውነቷ በረድ አለልኝ፤ ድካሙ ግን ስላልለቀቃት ትነጫነጫለች። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አዴ ፋጤ ጥቁር ነጠላቸውን ለብሰው በሬ ላይ ቆሙ።

“ኢንተላ ኮ፣ ልጄ” አሉኝ፣ “ዓለም ጤና ያለችው የአጎቴ ልጅ አርፋለች ብለው ደወሉልኝ። መኪናው ውጭ ቆሟል።”

“እግዜር ያጽናዎት” አልኳቸው።

“የአንቺ ነገር ዛሬ መሆኑን አልረሳሁም። ልቅር ብዬ ነበር…”

“በጭራሽ። ለቅሶ ይቀራል እንዴ? እኔ የሚይዝልኝ ሰው አላጣም፤ ይሂዱ።”

አላጣም ያልኳቸው እንዳይጨነቁ ብዬ ነበር። ከሄዱ በኋላ ሁለት ጎረቤቶችን ጠየቅሁ። አንዷ ገበያ ሄዳለች፤ ሌላዋ ራሷ ታማለች። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሲፈንን አዘልኳትና ቤቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመርኩ።

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ራሷ ትከሻዬ ላይ ከበደ። ተኛች። ሦስት ቀን ያጣችው እንቅልፍ ነው። አልጋው ላይ ላወርዳት ጎንበስ ስል እጇ ቀሚሴን ጨበጠና እንደ ማልቀስ ቃጣት። ቀና አልኩ። ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል ደግሞ አጉረመረመች። የሚበጃት መቆምና መወዝወዝ ብቻ ነበር።

ጠረጴዛው ለቆመ ሰው ዝቅ ይላል። ቡፌው ግን ደረቴ ድረስ ይመጣል። ላፕቶፗን ወስጄ ቡፌው ላይ አስቀመጥኳት፤ የፎጣ ቁራጮቹንም ከሥሯ አደረግሁ። ስልኬ ድንገት እንዳይጮህ ድምፁን አጥፍቼ ትራስ ሥር ከተትኩት። የጆሮ ማዳመጫዬን ሲፈን ከሳምንት በፊት አኝካ ገመዱን በጥሳዋለች። ስለዚህ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ ድምፅ ከፍቼ ሰዎቹን መስማትና ልጄን መቀስቀስ፣ ወይም ድምፅ ዘግቼ መጻፍ። ብትነቃ ለቅሶው ስለማይቆም ቃለ መጠይቁም ያኔ አበቃለት።

ብዙም አላሰብኩ። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ድምፁን እንደዘጋሁ ገባሁ።

ሦስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ታዩኝ። መሀል ላይ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ራሔል ነበሩ። በስተቀኛቸው ጸጉራቸው የሸበተ፣ መነጽር ያደረጉ አቶ ገመቹ የሚባሉ ሰው፣ በስተግራቸው ዮናስ የሚባል ወጣት። ስማቸው ከምስላቸው ሥር ተጽፏል። ወይዘሮ ራሔል ፈገግ ብለው አፋቸውን አንቀሳቀሱ። ሰላምታ መሆኑ ገባኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና ጻፍኩ፦

“እንደምን አደራችሁ። ሌንሴ ነኝ። ልጄ ሦስት ቀን አሟት ገና አሁን ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። እንዳትነቃ የላፕቶፔን ድምፅ ስለዘጋሁ አልሰማችሁም። ፈቃዳችሁ ከሆነ ጥያቄዎቹን ጻፉልኝ፤ እኔም በጽሑፍ እመልሳለሁ። ሥራውም የጽሑፍ ሥራ ስለሆነ ፍጥነቴን እዚያው ታዩታላችሁ።”

ሦስቱም ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አነበቡ። ከዚያ እርስ በርስ መነጋገር ጀመሩ። ድምፅ የሌለው ንግግር ሲያዩት ያስጨንቃል። ዮናስ እጁን ወደ ሰዓቱ እያመለከተ አንድ ነገር አለ። አቶ ገመቹ መነጽራቸውን አወለቁና ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ፤ አንዴ ሳይሆን ሦስት አራት ጊዜ። “እኚህ ሰውዬ ጣሉኝ” አልኩ በልቤ። እግሬ ግን መወዝወዙን አላቆመም። አንገቴን ቀና አድርጌ ጠበቅሁ። አልተሳሳትኩም ብዬ አምኜ ስለነበር የሚያሳፍረኝ ነገር አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ ጽሑፍ መጣ። “መልካም። እንቀጥል። ራሔል ነኝ” ይላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሥራው ነበር። በመጫኛው ሰነድ ላይ የተጻፈው ክብደትና በዕቃው ዝርዝር ላይ ያለው ክብደት ባይገናኙ፣ ኮንቴይነሩም ነገ ሞጆ የሚደርስ ቢሆን፣ ምን አደርጋለሁ? እንዲህ ዓይነቱ ነገር ስንቴ ገጥሞኛል። ጻፍኩ፦ “ሁለቱንም በራሴ እጅ አላርምም። ላኪው የተስተካከለ ሰነድ ዛሬውኑ እንዲልክ እጽፍለታለሁ። ደንበኛው ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት እኔ እነግረዋለሁ። ሰነዱ ሳይመጣ መኪና እንዳያዝዝም እመክረዋለሁ።” ጣቶቼ በቁልፎቹ ላይ እንደ ድመት ነበር የሚሄዱት። ወይዘሮ ራሔል እያነበቡ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ፤ ይህኛው ግን የመስማማት ነበር።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ጥያቄ መጣ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ሲፈንንም ከጀርባዬ ጋር አብሮ አልቧታል። አራተኛውን ጥያቄ እያነበብኩ ሳለ ቬንትሌተሩ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ።

መብራት ሄደ።

ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። የሦስቱ ሰዎች ምስል ደረቀ፤ ዮናስ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከሁሉ የከፋው ግን ጸጥታው ነበር። በቬንትሌተሩ ድምፅ ውስጥ የተኛች ልጅ ድምፁ ሲቆም ትነቃለች። ሲፈን ተገላበጠች። እግሯን ወገቤ ላይ ረገጠች። ቆሜ ቀረሁ። የላፕቶፗ ባትሪ አርጅቶ ስለነበር ከተነቀለች ሃያ ደቂቃ ብትቆይ ነው። የስልኬን ዳታ መክፈት ነበረብኝ፤ ስልኬ ደግሞ ማዶ ትራስ ሥር ነው።

ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ሄድኩ። እናቴ ለእኔ ታንጎራጉርልኝ የነበረውን በአፍንጫዬ ብቻ እያንጎራጎርኩ፣ እየተወዘወዝኩ፣ ሳልጎነበስ በጉልበቴ ዝቅ ብዬ ስልኩን አወጣሁ። ዳታውን ከፍቼ ከላፕቶፗ ጋር አገናኘሁት። ስመለስ ሲፈን ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰችና ጉንጯን መልሳ ጀርባዬ ላይ ጣለች።

እንደገና ስገባ አራት ደቂቃ አልፎ ነበር። ሦስቱም እዚያው ናቸው። ወጥተው ይሆናል ብዬ ነበር። አሁን እየጻፉ ያሉት አቶ ገመቹ መሆናቸውን አየሁ። በአንድ ጣት ነው የሚጽፉት። ብዙ ጠብቄ የመጣው ሁለት ቃል ብቻ ሆነ።

“ልጅቷ ነቃች?”

“አልነቃችም” ብዬ መለስኩ። “መብራት ሄዶ ነው። ይቅርታ። አሁን በስልኬ ዳታ ነኝ።”

ከዚያ ያችን አንድ ጣታቸውን እያሠሩ የእሳቸውን ጥያቄ ጻፉ። “ልጄ፣ አትቀየሚኝ። ይህን ሥራ ከሕፃን ጋር እንዴት ልትሠሪው ነው?”

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ያናድደኝ ይሆናል። ያን ጠዋት ግን መልሱ ጀርባዬ ላይ ነበር።

“አሁን እንደምሠራው ነው የምሠራው” ብዬ ጻፍኩ። “ስትተኛ እሠራለሁ። ሰው ሲይዝልኝ እሠራለሁ። ስትነቃና ስታስቸግር ደግሞ ሃያ ደቂቃ ስጡኝ ብዬ በግልጽ እነግራችኋለሁ፤ የቀረውንም በዚያው ቀን እጨርሳለሁ። የማልችለውን ቀን እችላለሁ አልላችሁም።”

አቶ ገመቹ አነበቡት። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ድጋሚ አነበቡት። ከዚያ ወይዘሮ ራሔል መብራት ያቋረጠውን ጥያቄ መልሰው ጻፉልኝ።

የመጨረሻውን ጥያቄ መልሼ ሳልጨርስ ሲፈን በራሷ ጊዜ ነቃች። አላለቀሰችም። ጠግባ የተኛች ልጅ አነቃቅ ነበር። ራሷን በትከሻዬ ላይ ብቅ አድርጋ ስክሪኑን አፍጥጣ አየች። ሦስቱም ሰዎች በአንድ ጊዜ እጃቸውን አውለበለቡላት። ወይዘሮ ራሔል “እናመሰግናለን፣ እንደውላለን” ብለው ጻፉ። ባትሪው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ተሰናበትን። ሲፈንን አውርጄ ከእሷ ጋር አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ደረጀ ከሚሌ ደወለ።

“እህስ፣ ምን አሉሽ?”

“ምንም አላሉኝም” አልኩት። “ጻፉልኝ።”

እስኪገባው ድረስ ሁለቴ ተረኩለት። ሳቀና “እኔ ብሆን ገና ዱሮ ትቼው ነበር” አለኝ። በማግስቱ አዴ ፋጤ ከዓለም ጤና ተመልሰው ሲሰሙ ጥፋቱን ሁሉ በራሳቸው ላይ አደረጉት። የእሳቸው ጥፋት እንዳልሆነ ባስረዳቸውም አልሰሙኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲፈንን የሚይዙልኝ ለምኛቸው ሳይሆን እሳቸው ራሳቸው መጥተው እየወሰዷት ሆነ።

በስምንተኛው ቀን ተደወለልኝ። ሥራውን አገኘሁ። ደስ አለኝ፤ አልገረመኝም ግን።

የሚገርመውን የሰማሁት ከአምስት ወር በኋላ ነው። ድርጅቱ ሞጆ ላይ ስብሰባ አድርጎ ነበርና ወይዘሮ ራሔልን ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል አገኘኋቸው። ምሳ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እዚያ ሆነን ያን ጊዜ አቶ ገመቹ ራሳቸውን የነቀነቁት ለምን እንደነበር ጠየቅኋቸው። አቶ ገመቹ በዚያው ክረምት ጡረታ ወጥተው ነበር።

“አንቺን አይደለም እኮ” አሉኝ ወይዘሮ ራሔል። “ዮናስ ‘ተረኛዋን እናስገባና እሷን ሌላ ቀን እንቅጠራት’ ሲል ነው። ገመቹ ‘በጭራሽ! ስድስት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ እናቱ ጀርባ ላይ የተኛ ልጅ እንዴት እንደሚገኝ አንተ ምን ታውቃለህ? እዚያው እንዳለች ትጠየቅ’ አለው።”

ሹካዬን አስቀመጥኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር፤ ሳቃቸው ቀድሟቸው መናገር አቃታቸው።

“ሌላ ልንገርሽ? ያን ጊዜ ሁሉ እኛ የምናወራው በሹክሹክታ ነበር።”

“ምን ማለትዎ ነው?”

“ሦስታችንም። የጀመረው ገመቹ ነው፤ እኛም ተከተልነው። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ፊርማ ፈልጋ በሩን ስትከፍት ገመቹ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ መለሳት። ዮናስ ወንበሩ እንዳይንቋቋ ብሎ ሳይነቃነቅ ነው የጨረሰው። አንቺ ከተሰናበትሽ በኋላ እንኳ ኮሪደሩ ላይ እስክንደርስ በሹክሹክታ ነው የተነጋገርነው። እዚያ ስንደርስ ዮናስ ቆመና ‘ድምፁን ዘግቻለሁ ብላ ጽፋልን አልነበረም እንዴ?’ አለ።”

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ሳቄ መሀል ላይ እንባዬ መጣና ፊቴን በሶፍት ሸፈንኩ። እሳቸውም አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

እነሆ አሁንም በዚያው ሥራ ላይ ነኝ። ሲፈን ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የቀን እንቅልፍ የሚባል ነገር ትታለች። ያን ጠዋት ያደረግሁትን ዛሬም ቢገጥመኝ ደግሜ አደርገዋለሁ። አንድ የምለውጠው ነገር ቢኖር ልጄ መታመሟን ከዋዜማው ጀምሮ እጽፍላቸው ነበር፤ ያን ባለማድረጌ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በችሎታዬ ሥራውን እንዳገኘሁ አልጠራጠርም፤ ለማንም እናገራለሁ። ነገር ግን ሰዎች “ቢሮ ያለ ሰው አንጀት የለውም” ሲሉ ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። እነዚያን ሦስት ሰዎች አስባቸዋለሁ። ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው፣ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ድምፃቸው ሊደርስባት ለማይችል ልጅ ብለው በሹክሹክታ ያወራሉ። ያን ጊዜ ቡፌው ፊት ብቻዬን የቆምኩ መስሎኝ ነበር። አልነበርኩም።